ሬዲዮው ዝም ሲል፦ የማሰራጫ ብልሽት የሚፈለገው እንዴት ነው?

ሐምሌ ላይ ጅማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ከጅሬን ኮረብታ ማዶ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምራል፤ መብራት ብልጭ ድርግም ይልና በዚያው ቅጽበት ሲናገር የነበረው ሬዲዮ ይቋረጣል። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመጣል። ሬዲዮው ግን አይመጣም፤ በማግስቱም አይመጣም። በሦስተኛው ቀን ወሬው ይነሳል። አንዱ «ጣቢያው ተዘግቷል» ይላል፤ ሌላው «ባለሙያ የላቸውም» ይላል፤ መርካቶ ውስጥ የቤት ሬዲዮ የሚጠግነው ደግሞ «አንድ ፊውዝ ለመቀየር ይህን ያህል ቀን?» ብሎ ይገረማል።

መገረሙ ተገቢ ነው። የቡና ዋጋን፣ የክትባት ቀንን፣ የመንገድ መዘጋትን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ከሬዲዮ የሚሰማ ሰው፣ በተለይም ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖር ከሆነ፣ የጣቢያው ዝምታ በቀጥታ ይነካዋል። ስለዚህ ወሬውን ትቶ የነገሩን አሠራር ማወቅ መብቱ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እናስቀምጥ፦ ዝም ያለ ማሰራጫ ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ችግር አይቶ ራሱን ያጠፋ ማሰራጫ ነው። ቀኑን የሚበላውም ያንን ችግር ማግኘት ነው።

ማሰራጫ ስንል የትኛውን ነው?

ብዙ ሰው «ሬዲዮ ጣቢያ» ሲባል የሚታየው ስቱዲዮው ነው፤ ማይክሮፎኑ፣ ጋዜጠኛው፣ መስታወቱ። ማሰራጫው ግን ሌላ ነገር ነው። ቁም ሳጥን የሚያህል የብረት ካቢኔ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ በአንቴናው ማማ ሥር ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። የስቱዲዮው ድምፅ እዚያ የሚደርሰው በአነስተኛ የሬዲዮ ማገናኛ፣ በፋይበር ኬብል ወይም በሳተላይት ነው።

የካቢኔው የመጀመሪያ ክፍል ኤክሳይተር ይባላል። ድምፁን ተቀብሎ ለጣቢያው በተፈቀደለት ሞገድ ላይ ይጭነዋል፤ ይህ ሞገድ ለኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው መካከል ይወድቃል። ከኤክሳይተሩ የሚወጣው ኃይል ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ አምፖል ፍጆታ እምብዛም አይበልጥም። ቀጥሎ ያለው ማጉያ ያንን ወስዶ ወደ ሺህ ዋቶች ያሳድገዋል። ዘፈን ላይ እንዳሉት አውራጅና ተቀባይ ናቸው። አውራጁ አንድ ሰው ነው፤ ግን ዜማውን ከሳተ ተቀባዩ ሁሉ ያንኑ ስህተት በታላቅ ድምፅ ይደግመዋል። ከማጉያው በኋላ አላስፈላጊ ሞገዶችን የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። ይህ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ከ108 ሜጋ ኸርዝ በላይ ወዲያው የሚጀምረው አውሮፕላኖች አቅጣጫ የሚያገኙበት ሞገድ ነው። ከማጣሪያው በኋላ ክንድ የሚያህል ወፍራም ኬብል ኃይሉን ተሸክሞ ወደ አንቴናው ይወጣል።

ከሬዲዮዎ የሚሰማው ድምፅ ምን ይነግራል?

አድማጭ ምንም መሣሪያ ሳይኖረው የምርመራውን ጥሩ ክፍል ቤቱ ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት በመሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ሲቆም «ሽሽሽ» ይላል። ይህ ሽሽታ ከየትም ጣቢያ የመጣ አይደለም፤ ሬዲዮው የሚይዘው ሞገድ ሲያጣ የራሱን የውስጥ ጫጫታ እያጎላ የሚያሰማው ነው። ጣቢያው ሞገድ እየላከ ከሆነ ግን፣ ሞገዱ ላይ አንድም ቃል ባይጫንበት እንኳ፣ ሽሽታው ይጠፋና ፍጹም ጸጥታ ይሆናል። እንግዲህ ጣቢያዎ በነበረበት ቦታ ሽሽታ ከሰሙ ማሰራጫው ጠፍቷል ወይም አንቴናው ጋር አልተገናኘም። ጸጥታ ከሰሙ ደግሞ ማሰራጫው በሥራ ላይ ነው፤ የተቋረጠው ስቱዲዮው ወይም በሁለቱ መካከል ያለው ማገናኛ ነው። ሁለቱም ለአብዛኛው ሰው «ጠፋ» ናቸው፤ ለጠጋኙ ግን አንዱ ኮረብታ የሚያስወጣ፣ ሌላው ከተማ ውስጥ የሚያስቀር ነው።

ንግግሩ ሥር ያልተቋረጠ እምምታ ካለ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ይሄዳል። ድምፁ እየመጣ እየጠፋ ከሆነ፣ በተለይም ከዝናብና ከነፋስ ጋር፣ ኬብሉና አንቴናው ይጠረጠራሉ። ከተማ ውስጥ እየተሰማ ከኮረብታ ጀርባ ባሉ ሸለቆዎች ብቻ ከጠፋ ደግሞ ኃይሉ ቀንሷል ማለት ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን እይታ በቀጥታ ስለሚጓዝ ደዶ ደጋ ላይ ያለ ሰው ምንም ሳይጎድልበት፣ ቅርብ ሆኖ ኮረብታ የጋረደው ሰው ቀድሞ ያጣዋል።

ማሰራጫ ራሱን የሚያጠፋው ለምንድን ነው?

ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ወደ ራሱ ይመለሳል። በኬብል ውስጥ የሚሄድ ኃይልም የገደል ማሚቶ አለው። ኬብሉና አንቴናው ጤነኛ ከሆኑ የተላከው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ አየር ይወጣል። በመንገዱ ላይ ውሃ፣ የተቆረጠ ነገር ወይም የላላ መገጣጠሚያ ካለ ግን ከፊሉ እዚያ ተላትሞ ወደ ማሰራጫው ይመለሳል። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ማሰራጫ ፊት ላይ ሁለት ንባቦች ያሉት፤ አንዱ የሚሄደውን ኃይል፣ ሌላው ተመላሹን ያሳያል።

ባለሙያዎች የሁለቱን ዝምድና በአንድ ቁጥር ይገልጹታል፤ የቋሚ ሞገድ ምጣኔ ይሉታል። ቁጥሩ 1 ሲሆን ምንም አይመለስም። 1.5 ሲሆን ከኃይሉ 4 በመቶ ይመለሳል፤ 2 ሲደርስ 11 በመቶ፤ 3 ሲደርስ ሩቡ። 5 ኪሎ ዋት በሚልክ ማሰራጫ ላይ 4 በመቶ 200 ዋት ነው፤ ሩቡ ግን 1,250 ዋት ነው። ይህ ተመላሽ ኃይል በማጉያው ውስጥ ኃይሉን በሚያሳድጉት ትራንዚስተሮች ላይ ሙቀትና ከሚችሉት በላይ የሆነ ቮልቴጅ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ማሰራጫው መጀመሪያ ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል፤ ካልበቃው ይጠፋል።

እዚህ ላይ ከማንኛውም ብልሽት የከፋ ስህተት ይፈጸማል። ማሰራጫው ሲጠፋ ተረኛው ያስነሳዋል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ያስነሳዋል። ከዚያ ብሶበት መከላከያውን አልፎ በግድ እንዲሠራ ያደርገዋል። የአድማጭ ግፊት፣ የአለቃ ስልክ፣ የማስታወቂያ ሰዓት ሁሉ ወደዚህ ይገፋፋሉና ተረኛውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ውጤቱ ግን በአንድ መገጣጠሚያ ሊያበቃ የነበረው ጉዳይ ከውጭ አገር የሚመጣ ማጉያ ወደሚያስገዛ ኪሳራ መለወጡ ነው።

በክረምት የሚብሰው ለምንድን ነው?

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ወደ ማማው የሚወጣው ኬብል መሃሉ ላይ አንድ የመዳብ ዘንግ፣ ዙሪያውን ደግሞ የመዳብ ቱቦ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ደረቅ አየር ወይም አረፋ ነው። አየር ባላቸው ኬብሎች ውስጥ ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን በትንሽ ግፊት ይሞላል፤ ቀዳዳ ቢፈጠር እንኳ ጋዙ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የግፊት መለኪያው እየወረደ ከመጣ፣ ሬዲዮው ገና በደህና እየተሰማ ሳለ፣ አንድ ቦታ እያፈሰሰ መሆኑ ታወቀ።

የመገጣጠሚያዎቹ ጎማ በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱ ሲገባ ውሃ ሰርጎ ይገባል። ጠጋኙን የሚያደክመው ይህ ብልሽት እንደ ወባ ቀን ጠብቆ የሚነሳ መሆኑ ነው። ማታ በዝናብ ማሰራጫው ይጠፋል፤ ባለሙያው በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲደርስ ፀሐዩ ኬብሉን አድርቆት ሁሉ ነገር ደህና ይሆናል። ትኩሳቱ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ እንደለቀቀው ታማሚ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት «ምንም የለውም» ብሎ መመለስ ስህተት ነው፤ በዝናብ ጊዜ የተጻፈውን የተመላሽ ኃይል ንባብ ማየት ያስፈልጋል።

ውሃው የቱ ጋ እንዳለ ማማው ላይ ሳይወጡ የሚነግር መሣሪያ አለ። በኬብሉ ውስጥ እጅግ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልክና ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ሞገድ በአየር ላይ በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱ በብዙ ወፍራም ኬብሎች ውስጥ ወደ 88 በመቶ ስለሚወርድ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ማሚቶው ከ300 ናኖ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ ግማሹ የመሄጃ፣ ግማሹ የመመለሻ ነው። 150 በ26 ሲባዛ 40 ሜትር ገደማ ይመጣል። ብልሽቱ ያለው እዚያ ነው፤ ማማው ላይ የሚወጣው ሰው የሚፈታው የትኛውን መገጣጠሚያ እንደሆነ መሬት ላይ ሳለ ያውቃል።

ጠጋኙ ከየት ይጀምራል?

ካቢኔውን በመክፈት አይጀምርም። መጀመሪያ ይጠይቃል፦ መቼ ጠፋ? መብራት ቀድሞ ተቋርጦ ነበር? ጀኔሬተር ተነስቶ ነበር? ዝናቡ ጀምሮ ነበር? ከዚያ መዝገቡን ያነባል። ዘመናዊ ማሰራጫዎች እያንዳንዱን መጥፋት ከነሰዓቱና ከነምክንያቱ ይመዘግባሉ። አስር ማስጠንቀቂያዎች ተደርድረው ቢገኙ የሚጠቅመው መጀመሪያ የመጣው ነው፤ የቀሩት ብዙ ጊዜ የእርሱ መዘዞች ናቸው።

ቀጥሎ መንገዱን ለሁለት ይከፍላል። አንቴናውን ይነቅልና በቦታው ዳሚ ሎድ የሚባለውን ዕቃ ያስገባል። ይህ ኃይሉን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚቀይር፣ አንዳችም ወደ አየር የማያወጣ ትልቅ ተቃዋሚ ነው። ማሰራጫው በዳሚ ሎድ ላይ በሙሉ ኃይል በደህና ከሠራ ማሰራጫው ነፃ ወጣ፤ ችግሩ ከኬብሉ ጀምሮ ወደ ላይ ነው። እዚያም ላይ ካልሠራ ችግሩ ካቢኔው ውስጥ ነው። በአንድ ሙከራ ከሚጠረጠሩት ነገሮች ግማሹ ከጥርጣሬ ይወጣል። ከዚያ የቀረውን ደግሞ ለሁለት፤ ኤክሳይተሩ ትክክለኛ ኃይል ይሰጣል? አዎ ከሆነ ወደ ማጉያው። ማጉያው የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ያገኛል? እያለ ይቀጥላል። ዕቃ እየቀያየሩ ዕድልን መሞከር ከዚህ ፈጣን ይመስላል፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ያቃጠለው ነገር አዲሱንም ያቃጥለዋል።

አንድ ማጉያ ብቻ ሲሞት ምን ይሆናል?

አሁን ያሉት ማሰራጫዎች አንድ ትልቅ ማጉያ የላቸውም፤ ብዙ ትንንሽ ማጉያዎችን ኃይል አንድ ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ጣቢያው አይጠፋም። ግን ሒሳቡ እንደሚጠበቀው አይደለም። ከአራት ማጉያዎች አንዱ ቢሞት የሚወጣው ኃይል 75 በመቶ ሳይሆን 56 በመቶ ይሆናል። ከሁለት አንዱ ቢሞት 25 በመቶ ብቻ ይቀራል።

ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አራት ሰዎች የያዙትን ቃሬዛ አንዱ ሲለቀው ሦስቱ ጉልበታቸውን ሁሉ ወደፊት ለመሄድ አያውሉትም፤ ከፊሉ ሚዛን ለመጠበቅ ይባክናል። በማሰራጫውም ውስጥ ኃይሎቹን የሚያጣምረው ክፍል ሚዛኑ ሲዛባ ከደህናዎቹ ማጉያዎች የመጣውን ከፊል ኃይል ወደ ማቻቻያ ተቃዋሚ ልኮ በሙቀት ያስቀረዋል።

አድማጩ ግን ይህን ላያስተውል ይችላል። ኃይል በግማሽ ሲቀንስ የሞገዱ ጥንካሬ የሚቀንሰው በ30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከተማው ውስጥ ልዩነቱ አይሰማም። አጋሮ አካባቢ ያለ ሰው ሽሽታ ቢጨመርበትም «የአየሩ ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጣቢያው በዚህ ሁኔታ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሁለተኛው ማጉያ የሞተ ዕለት ነው ሰው የሚሮጠው።

መብራቱና መብረቁስ?

የአገራችን ኤሌክትሪክ በአንድ ፌዝ፣ ማለትም በአንድ ኃይል ተሸካሚ መስመር፣ 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው። ትልልቅ ማሰራጫዎች የሚሠሩት በሦስት ፌዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጠፋ ቤቱ ውስጥ ያለው አምፖል ሊበራ ስለሚችል «መብራት አለ» ይባላል፤ ማሰራጫው ግን በሁለት እግር እንደቆመ ጉልቻ ነው። ቀድሞ የተነገረው እምምታ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። በጣም አደገኛው ደግሞ መብራት ተቋርጦ የሚመለስበት ቅጽበት ነው፤ ቮልቴጁ ዘሎ ይመጣል። ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ስታብላይዘርና አስጀማሪውን ለጥቂት ደቂቃ የሚያዘገየው መቆጣጠሪያ ለዚህ ቅጽበት የተሠሩ ናቸው።

መብረቅ ጉዳት ለማድረስ ማማውን መምታት የለበትም። ሩቅ ያለ መስመር ቢመታም በኤሌክትሪኩ ሽቦ በኩል ይመጣል። ዋናው መከላከያ የማማው፣ የኬብሉ፣ የካቢኔውና የኤሌክትሪኩ የመሬት ሽቦዎች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መታሰራቸው ነው። ለየብቻ ከተቀበሩ መብረቁ ሲወርድ በመካከላቸው ሺህ ቮልቶች ይፈጠራሉ፤ መንገዳቸውም በማሰራጫው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከክረምት በፊት መገጣጠሚያው የዛገ ወይም የተቆረጠ የመሬት ሽቦ መፈለግ የጥገናው አካል ነው።

ከፍታውና ሙቀቱ ምን ያገናኛቸዋል?

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማማዎቹ ያሉባቸው ኮረብታዎች ከዚያም ይበልጣሉ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ይሆናል። 5 ኪሎ ዋት የሚልክ ማሰራጫ ከ2 ኪሎ ዋት በላይ በሙቀት ያባክናል፤ በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ በከፊል ኃይሉ ሌት ተቀን እንደተጣደ ይቆጠራል። የአየር ማጣሪያው በበጋ አቧራ ሲደፈን ማሰራጫው በየቀኑ ተሲያት ላይ ይጠፋል፤ ማታ ይነሳል። ይህን ለማዳን የሚበቃው ማጣሪያውን አውጥቶ ማጽዳት ነው። ሙቀት ፍለጋ የገባች አይጥም ሽቦ ትበላለች፤ የኬብል መግቢያ ቀዳዳዎችን መድፈን ቀላል ሥራ ነውና አይናቅ።

ለምን ማንም ሊነካው አይገባም?

ምክንያቱም ጠፍቶም ይገድላል። በትራንዚስተር ፋንታ የቫኪዩም ቱቦ በሚጠቀሙት የድሮዎቹ ማሰራጫዎች ውስጥ ብዙ ሺህ ቮልት አለ፤ ካፓሲተር የሚባሉት ዕቃዎች ኃይሉን አጠራቅመው ስለሚይዙ መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ሊመቱ ይችላሉ። ባለሙያው ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ ይቆልፋል፤ ቁልፉን ኪሱ ይይዛል፤ ከመሬት ጋር በታሰረ ዘንግ እያንዳንዱን ክፍል ነክቶ ባዶ ያደርጋል፤ ብቻውንም አይሠራም። ማማ ላይ ሰው ካለ ማሰራጫው መጥፋት አለበት፤ በአንቴናው አጠገብ ያለው የሬዲዮ ኃይል ሥጋን ከውስጥ ያሞቃል። ነጎድጓድ እየተሰማ ደግሞ ማንም አይወጣም። ጅማ ላይ ሐምሌን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ሁለት ቀን መጠበቅ ማለት ነው።

ሌላው መዘግየት መለዋወጫው ነው። ማጉያ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ከተማው ገበያ ላይ አይገኙም፤ ከውጭ በምንዛሪ ይገዛሉ፤ ከዚያ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ይደርሳሉ። በርካሽ የሚቀርቡ አስመሳይ ትራንዚስተሮችም አሉ፤ በዝቅተኛ ኃይል ሠርተው ሙሉ ኃይል ሲጠየቁ ይቃጠላሉ።

ከተጠገነ በኋላስ?

በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል አይነሳም። በዳሚ ሎድ ላይ በትንሽ ኃይል ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፤ በየደረጃው ሙቀቱና ቮልቴጁ ይታያሉ። ከዚያ አንቴናው ይመለሳል፤ ተመላሽ ኃይሉ ይነበባል፤ ሞገዱ በተፈቀደለት ቦታ መቀመጡ ይረጋገጣል። በመጨረሻ ሁሉም በመዝገብ ይጻፋል፦ የሚሄደው ኃይል፣ ተመላሹ፣ ሙቀቱ፣ የሦስቱ ፌዝ ቮልቴጅ፣ የኬብሉ ግፊት፣ ቀኑና የሰማዩ ሁኔታ። ዛሬ 40 ዋት የነበረው ተመላሽ ኃይል ሰኔ ላይ 90 ሆኖ ከተገኘ መገጣጠሚያው ሐምሌ ሳይገባ ይፈታል።

አድማጭም እዚያ መዝገብ ላይ ቦታ አለው። ከሰርቦ ደውሎ «ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጠፋ፤ ዝናብ አልጀመረም፤ ሽሽታ ነበረው፤ ሌሎቹ ጣቢያዎች ግን ይሰሙ ነበር» ያለ ሰው፣ ጠጋኙ ገና መኪና ውስጥ ሳይገባ የትኛውን ዕቃ ይዞ እንደሚወጣ ነግሮታል።